ነጥብ የሌለበት ጨዋታ

ነሐሴ ሲጋመስ የእግር ኳስ ክለቦቻችን ሻንጣቸውን ጠቅልለው ከየቤታቸው ይወጣሉ። ቢሾፍቱ፣ አዳማ፣ ሐዋሳ ይገባሉ። በአንድ ሆቴል ጓሮ አንድ ዓይነት ማሊያ ከዳር እስከ ዳር በገመድ ላይ ተሰጥቶ፣ ከሥሩም ጭቃው ያልደረቀ ታኬታ ተደርድሮ ካያችሁ እዚያ ቤት ቡድን አርፏል ማለት ነው። ጠዋት ሩጫና የጉልበት ሥራ፣ ከሰዓት በኋላ ኳስ። ሁለት ሦስት ሳምንት እንዲህ ካለፈ በኋላ አሰልጣኙ በአካባቢው ካረፈ ሌላ ክለብ ጋር ይቀጣጠርና ይጋጠማሉ። የአቋም መለኪያ ጨዋታ የሚባለው ይህ ነው። ነጥብ የለውም፤ የደረጃ ሰንጠረዥ ላይ አይሰፍርም፤ ካሜራ አይመጣለትም፤ ብዙ ጊዜ ትኬትም አይቆረጥለትም። አሰልጣኞች ስለ ውጤቱ ሲጠየቁ «ውጤቱ አያሳስበንም» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው።

እኔ የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊ ነኝ። ከዓመቱ ጨዋታዎች አንዱን ብቻ ሜዳ ገብተህ እይ ብባል የምመርጠው ከእነዚህ መካከል ነው፤ ከደርቢውም፣ ከመጨረሻው ሳምንት ጨዋታም አስቀድሜ። ይህን ስል የሚገረሙ ጓደኞች አሉኝ። «ማንም ማንንም ለማሸነፍ በማይጫወትበት ሜዳ ምን ልታይ ትሄዳለህ?» ይሉኛል። መልሱ ረዘም ያለ ነው፤ ሐዋሳ ድረስ ያስኬዳል።

የአዲስ አበባ ልጅ ለሆነ ደጋፊ ክለቡ ለረጅም ዘመን ቋሚ አድራሻ ነበረው፤ ከመስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው ስታዲየም። እሁድ ምሳህን በልተህ፣ ቡናማና ቢጫህን ለብሰህ፣ በእግርህ ትወርዳለህ። ከተመልካች ቦታዎቹ ካታንጋ ትገባለህ፣ ወይም ሚስማር ተራ፣ ወይም ኪስህ ከፈቀደ ጥላ ፎቅ። አጠገብህ የቆመው ሰው ባለፈው ሳምንትም እዚያው ቆሞ ነበር። ስሙን ላታውቀው ትችላለህ፤ ቡና ሲያገባ ግን ትተቃቀፋላችሁ። ተጫዋቾቹንም በአካሄዳቸው ትለያቸዋለህ። ማን እንደ ደከመው፣ ማን ጉዳት ደብቆ እንደሚጫወት፣ ማን ከአሰልጣኙ ጋር እንደ ተኳረፈ ከደረጃው ላይ ሆነህ ታነብበዋለህ። ይህ እውቀት በአንድ ቀን አይገኝም፤ በየሳምንቱ ከማየት የሚጠራቀም ነው።

በ2013 ዓ.ም ይህ ተለወጠ። ፕሪሚየር ሊጉ በአክሲዮን ማኅበር መመራት ጀምሮ፣ የቴሌቪዥን መብቱም ለሱፐር ስፖርት ተሸጦ ነበር፤ በዚያ ላይ ኮሮና ነበረ። ክለቦች በየሜዳቸው መጫወታቸው ቀረና ሁሉም በአንድ ከተማ ተሰብስበው ጥቂት ሳምንታት ከተጋጠሙ በኋላ ተያይዘው ወደ ሌላ ከተማ የሚዛወሩበት አሠራር መጣ። በዚያ ዓመት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ ተዞረ። ቀጥሎ የአዲስ አበባ ስታዲየም ለእድሳት ተዘጋ። የሸገር ደርቢ ብለን የምንጠራው የቡናና የቅዱስ ጊዮርጊስ ጨዋታ ከሸገር ውጭ ሲደረግ በቴሌቪዥን አየን።

አሠራሩ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ለቀጥታ ሥርጭት የሚያስፈልገው መኪና፣ ካሜራና ባለሙያ በየሳምንቱ አገር ለአገር ሊዞር አይችልም። ክለቦችም በየአሥራ አምስት ቀኑ ረጅም መንገድ ከመመላለስ ተርፈዋል፤ ከመብቱ ሽያጭ ገንዘብ አግኝተዋል። ጎንደር ያለ ልጅ የወላይታ ድቻን አጥቂ፣ አርባ ምንጭ ያለ ልጅ የፋሲል ከነማን ግብ ጠባቂ በዓይኑ እያየ አድጓል። ይህን ሁሉ አምናለሁ። ይሁንና የአዲስ አበባ ደጋፊ ከቡድኑ ጋር በየሳምንቱ የሚገናኝበትን ሰዓት አጥቷል። ያንን ያጣነውን ነገር መልሼ ያገኘሁት ክረምት ሲወጣ፣ ነጥብ በሌለበት ሜዳ ላይ ነው።

የሄድነው ዘመን መለወጫ አልፎ መስቀል ሳይደርስ ነው። መዋጮ አዋጥተን የተከራየናት ሚኒባስ ከቃሊቲ መናኸሪያ አካባቢ ሌሊት ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ላይ አነሣችን። ከመሃላችን ተማሪዎች አሉ፤ ጋራዥ የሚሠራ አለ፤ መርካቶ ሱቅ ያላት፣ ለዚህ ጉዞ ስትል ቅዳሜ ገበያዋን ለእህቷ ሰጥታ የመጣች ሴት አለች። ከሾፌሩ ጎን ሁላችንም ጋሼ ብቻ የምንላቸው አዛውንት ተቀመጡ። ቡና በ1968 ዓ.ም የተመሠረተ ክለብ ነው፤ ጋሼ ገና ቡና ገበያ እየተባለ ሲጠራ ጀምሮ ተከትለውታል። አሁንም ስሜት ውስጥ ሲገቡ «ገበያ» ነው የሚሉት።

ቢሾፍቱን በፍጥነት መንገዱ ስናልፍ ጎህ ቀደደ። የጤፉ ማሳ ገና ለምለም ነው፤ በየድንበሩ አደይ አበባ ፈክቷል። ሞጆ ላይ ወደ ቀኝ ታጥፈን ቆቃ ሐይቅን በግራ በኩል እያየን ስንወርድ ክርክሩ ተጀመረ። የቡና ደጋፊ መኪና ውስጥ ክርክር የሚጀመረው ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ነው፤ ኳሱን ከኋላ መሥርተን እንወጣለን ወይስ በረጅሙ እንልካለን? ይህ ለእኛ የሥልት ጥያቄ ብቻ አይደለም። ካሳዬ አራጌ ተጫዋች ሆኖ በዚህ ክለብ አማካይ ሜዳ ላይ ያሳየንን፣ በኋላም አሰልጣኝ ሆኖ ሲመለስ ከግብ ጠባቂው ጀምሮ በአጭር ቅብብል ካልሆነ አልወጣም ብሎ የጸናበትን ጨዋታ የወደደ ሰው፣ ቡና በረጅሙ ሲመታ ባያየው ይመርጣል። ጋራዥ የሚሠራው ልጅ ግን አልተስማማም። «በአጭሩ ስንጫወት ስንት ግብ ገባብን? ዋንጫ ከፈለጋችሁ ኳሱ ከግባችን ይራቅ» አለ። ጋሼ ዞር ሳይሉ መለሱለት። «በ1990 አል አህሊን ከአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ያስወጣነው ኳሱን አርቀን አይደለም። አንተ አልተወለድክም።» ልጁ ዝም አለ፤ ሐሳቡን ግን አልለወጠም።

መቂ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚሸጡ ልጆች መስኮቱን ከበቡ። ዝዋይ ወርደን ቁርስ በላን። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው የአቡበከር ናስር ነገር የተነሣው፤ መነሣቱም አይቀርም ነበር። አቡበከር በ2013 ዓ.ም የውድድር ዘመን 29 ግብ አስቆጥሮ ጌታነህ ከበደ በ25 ግብ ይዞት የነበረውን የሊጉን የአንድ ዓመት ክብረ ወሰን ሰበረ። ቡናም ያን ዓመት ፋሲል ከነማን ተከትሎ ሁለተኛ ወጣ። ከዚያ ልጁ ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሄደ። ደስ አለን፤ መሄድ ነበረበት፤ ከሊጋችን በቀጥታ ወደ አህጉሩ ትልልቅ ክለቦች የሚሻገር አጥቂ በስንት ዘመን ነው የሚገኘው? ነገር ግን ከዚያ ወዲህ በእያንዳንዱ ክረምት ማብቂያ ያው ጥያቄ ይዞን ይመጣል። ማን ያገባልናል? መርካቶ ሱቅ ያላት ሴት በጣቷ ጠረጴዛውን መታ መታ እያደረገች «አንድ ሰው አትፈልጉ። ስምንት ስምንት የሚያገቡ አራት ሰዎች ፈልጉ» አለች። ከዚያ ጉዞ በኋላ ይህን አባባሏን ስንት ጊዜ ደጋግሜዋለሁ።

አርሲ ነገሌን፣ ሻሸመኔን አልፈን ሐዋሳ ገባን። ከአዲስ አበባ ወደ 275 ኪሎ ሜትር ነው። ከፍታው ግን ከርቀቱ በላይ ይሰማል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ሐዋሳ 1,700 አካባቢ። ክለቦች ወደዚህ መውረዳቸው ለሐይቁ ውበት ብቻ አይደለም። ሊጉ ድሬዳዋን ያህል ሞቃት ከተማ ሲደርስ፣ በብርድ አገር የሠለጠነ ተጫዋች በስድሳኛው ደቂቃ እግሩ ይከብደዋል። ቀስ በቀስ ሙቀት የሚለምድበት፣ ሜዳ በቀላሉ የሚገኝበት፣ ከቤተሰብና ከከተማ ወሬ ራቅ ያለ ቦታ ያስፈልጋል። በዚያ ላይ ሐዋሳ የኳስ አገር ናት። ሐዋሳ ከነማ በ1996ና በ1999 ዓ.ም ሊጉን ወስዷል፤ እነ አዳነ ግርማና ሽመልስ በቀለን የመሰሉ ተጫዋቾች ከዚህ ከተማ ነው የወጡት። ባጃጅ የሚነዳው ልጅ ከማን ጋር እንደምንጫወት፣ ቡድናችን የት እንዳረፈ፣ ስንት ሰዓት ልምምድ እንዳለው ከእኛ የተሻለ ያውቅ ነበር።

በማግሥቱ ማለዳ በሐይቁ ዳር ሄድን። አሞራ ገደል ዓሣ አስጋሪዎቹ መረባቸውን ያራግፋሉ፤ አባ ኮዳዎቹ ጥለው የሚሄዱትን ይጠብቃሉ። ተጫዋቾቹ በዚያ መካከል በሁለት ረድፍ ሆነው ሮጠው አለፉ። ቲቪ ላይ የማውቃቸው ሰዎች በአምስት ሜትር ርቀት ሲያልፉ ትንፋሻቸውን ሰማሁት። ካፒቴኑ ከኋላ ነበር እንጂ ከፊት አይደለም፤ ለምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ፤ ወደ ኋላ የቀረ አንድ አዲስ ተጫዋች አለ፤ ከእሱ ጎን ሆኖ እያወራው ይሮጣል። ወደ ታቦር ተራራ ሲያቀኑ ረድፉ ሳይበጠስ ሁለቱም ገብተውበት ነበር።

ጨዋታው አሥር ሰዓት ላይ ነው። ተጋጣሚያችን ከፕሪሚየር ሊጉ ቀጥሎ ያለው የከፍተኛ ሊግ ቡድን ነበር። ሜዳው ከከተማው ወጣ ይላል፤ በአንድ ወገን ጥቂት የሲሚንቶ ደረጃ፣ በሌላው ወገን ሣር ብቻ። ከግቦቹ ጀርባ የሰፈር ልጆች ኳስ ለማምጣት ተሰልፈዋል፤ ከመካከላቸው ጫማ ያለው ጥቂቱ ነው። አንዲት እናት ከዛፍ ሥር ጀበና ጥዳ ቡና ታፈላለች። የመጣነው ሰዎች በሙሉ መቶ አንሞላም።

ከስታዲየም የሚለየው መጀመሪያ በጆሮ ነው። ካታንጋ ስትቆም የምትሰማው ካታንጋን ነው፤ ቴሌቪዥን ስታይ የምትሰማው ተንታኙን ነው። እዚህ ግን ሜዳው ራሱ ይሰማል። «ሰው አለህ!» «ዙር!» «ብቻህን ነህ!» «ጠብቅ፣ ጠብቅ፣ አሁን!» በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አንድ ነገር አስተዋልኩ። ተጫዋቾቹ ሲጣሩ «አንተ! አንተ!» ይባባላሉ። በአገራችን የተጫዋች ውል ብዙውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ስለሆነ በየክረምቱ የቡድኑ እኩሌታ ይለወጣል። መሃል ተከላካዩ የግራ መስመር ተከላካዩን ስም ገና በደንብ አልያዘውም። ኳስ ከግብ ጠባቂው ወደ መሃል ተከላካይ፣ ከእሱ ወደ አማካይ ስትሄድ ስም ያለው ሰው ጋ በቀጥታ ትደርሳለች፤ «አንተ» የተባለው ጋ ግን ግማሽ ሰከንድ ትዘገያለች። ሁለት ሰዎች ዞረው ያያሉና። ያች ግማሽ ሰከንድ ናት ኳስ የምታስነጥቀው። በሊጉ አምስተኛ ሳምንት ተንታኙ «ቡድኑ ገና አልተቀናጀም» ሲል ነገሩ ከየት እንደሚመጣ እኔ እዚያ ሣር ላይ ተቀምጬ ሰምቼዋለሁ።

በመጀመሪያው አጋማሽ ቁጥር የሌለው ማሊያ የለበሰ አንድ ልጅ ነበር። ለሙከራ የመጣ ነው። ሃያ ደቂቃ ያህል ተጫወተ። ኳስ የነካው ጥቂት ጊዜ ነው፤ ኳስ በሌለበት ግን ያለማቋረጥ ሮጠ። ሲቀየር ከአሰልጣኙ ረዳት ጋር እጅ ለእጅ ተጨባበጡ፤ ረዳቱ ትከሻውን ይዞ ረጅም ነገር ነገረው። ልጁ ራሱን እየነቀነቀ ሰማ። ማሊያውን አውልቆ አጣጥፎ መለሰ፤ ቦርሳውን አነገተ፤ ባጃጅ አስቁሞ ሄደ። ጨዋታው ቀጥሏል። ጋሼ ግን ባጃጇ እስክትሰወር ድረስ ዓይናቸውን ከመንገዱ ላይ አላነሡም። «ከየት ከተማ መጥቶ ይሆን?» አሉ። ማንም አላወቀም። ስሙ በየትኛውም የዝውውር ዜና ላይ አይወጣም፤ በዚያ ከሰዓት በኋላ ግን የእኛን ማሊያ ለብሶ ለእኛ ሮጧል።

ሁለተኛው አጋማሽ ላይ አሰልጣኙ ከግብ ጠባቂው በቀር ሁሉንም ቀየረ። ከገቡት መካከል ከተስፋ ቡድን ያደገ ግራ እግር ልጅ አለ። እኛ የምናውቀው በመስመር አጥቂነት ነው፤ ፈጣን ነው፤ ሰው ማለፍ ይወዳል። አሰልጣኙ ግን የግራ መስመር ተከላካይ አድርጎ አሰለፈው። ልጁ መጀመሪያ ቦታው ጠፋበት። ወደ ፊት ሲሄድ ጀርባው ባዶ ይሆናል፤ ወደ ኋላ ሲመለስ ደግሞ ከመሃል ተከላካዩ ጋር ይጋጫል። አሰልጣኙ ከመስመሩ ላይ ሆኖ በስሙ እየጠራ፣ በእጁ እያሳየ፣ ደረጃ በደረጃ ቦታውን ሰጠው። ከዚያ አንድ ኳስ መጣለት። ግብ ጠባቂው በአጭሩ ሰጠው፤ ከፊቱ አጥቂ አለ። በረጅሙ መምታት ይችል ነበር። አልመታም፤ ወደ መሃል ለማቀበል ሞከረ፤ ተነጠቀ፤ ግብ ገባብን።

በስታዲየም ቢሆን ቀጥሎ የሚሆነውን አውቀዋለሁ። ፉጨቱ ከሚስማር ተራ ይነሣል፤ ካታንጋ ይቀበለዋል። ልጁ ለቀሪው ጊዜ ኳስ ሲመጣለት በአንድ ንክኪ ያባርራታል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ተጠባባቂ ይሆናል፤ በውድድር ዘመኑ አጋማሽ በውሰት ይሄዳል። ስንት ግራ እግር ልጅ በዚህ መንገድ እንደ ጠፋብን ጋሼ ቢቆጥሩ ይመሻል። እዚህ ሜዳ ላይ ግን ማንም አልፎጨም። ግብ ጠባቂው ኳሱን ከመረብ ውስጥ አወጣ። አሰልጣኙ ሁለት እርምጃ ወደ ፊት መጣና ድምፁን ሳያነሣ «ድገመው» አለ። ልጁ የሰማ አልመሰለም። «ድገመው፤ ያንኑ» አለው እንደገና። ደቂቃ አልሞላም፣ ግብ ጠባቂው ያንኑ ኳስ ለዚያው ልጅ ሰጠው። አጥቂው እየሮጠ መጣ። ልጁ በዚህ ጊዜ ኳሱ ከመድረሱ በፊት ገላውን አዞረ፤ በግራ እግሩ ውጫዊ ክፍል ከመስመሩ ጋር አሳልፎ ላከው፤ ራሱም ተከትሎ ሮጠ። ከዚያ በኋላ እስኪያልቅ ድረስ እጁን አንሥቶ ኳስ የሚጠይቀው እሱ ሆነ።

ጋሼ ከተቀመጡበት ተነሡ። ግብ አልገባም፤ ውጤቱም አልተለወጠም። ቆመው አጨበጨቡ። እኛም ተከተልናቸው። መቶ የማንሞላ ሰዎች ለአንድ ንክኪ ያጨበጨብነው ጭብጨባ ሜዳው መሃል ድረስ ሳይሰማ አልቀረም፤ ልጁ ዞር ብሎ አየንና አንገቱን ደፋ።

ለጓደኞቼ ጥያቄ መልሴ ይህ ነው። እግር ኳስ ውስጥ ስህተት ቦታ የሚያገኝበት ሌላ ሰዓት የለም። ሊጉ ከተጀመረ ወዲያ ተሸናፊ አሰልጣኝ ሥራውን ያጣል፤ ግብ የገባበት ተከላካይ ስሙ ይጠፋል፤ ደጋፊውም የሚያየው ሰንጠረዡን ነው። ሁላችንም በፍርሃት እንያዛለን። በመስከረም ሜዳ ላይ ግን አንድ ሰው ያልቻለውን ነገር በሰው ፊት ሞክሮ፣ ወድቆ፣ እንደገና ሊሞክር ይፈቀድለታል። እኔ ቡናን የምወደው ስለሚያሸንፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ በ2003 ዓ.ም በውበቱ አባተ ዘመን ያነሣነው የሊግ ዋንጫ እስከ ዛሬ ባላቆየኝም ነበር። የማየው ጨዋታችን እንዴት እንደሚሠራ ነው። መሥሪያው ደግሞ እዚህ ነው።

ሲያልቅ ተጫዋቾቹ ወደኛ መጡ። አጥር የለም፤ ፖሊስ የለም። ካፒቴኑ ጎንበስ ብሎ ጋሼን ሰላም አለ። «ጋሼ፣ ከአዲስ አበባ ለዚህ መጡ?» አላቸው። «ለዚህ አይደለም እንዴ የሚመጣው!» አሉት። ከዚያ ግራ እግሩን ልጅ በእጃቸው ጠሩት። ኳሱ ስለተነጠቀበት ምንም አላነሡም። «ልጄ፣ ሁለተኛዋን ኳስ ማነው ያስተማረህ?» ብለው ጠየቁት። ልጁ አፈረ። «ማንም ጋሼ፤ ገላዬን ካላዞርኩ እንደማልወጣ መጀመሪያዋ ላይ ገባኝ» አለ። ጋሼ ግንባሩን ሳሙት። ያቺ ከዛፍ ሥር ቡና የምታፈላ እናት ሁለተኛውን ለእነሱ ቀዳች፤ ተጫዋቾቹ ቆመው ጠጡ።

ማታ ከሐዋሳ ከነማ ደጋፊዎች ጋር ዓሣ በላን። የሊጉ ተራ ከተማችሁ ሲደርስ እናንተ ታድላችሁ አልናቸው። አንደኛው ራሱን ነቀነቀ። ተራው ሲያልፍ እነሱም እንደኛው በቴሌቪዥን እንደሚያዩ፣ የራሳቸው ከተማ ላይ ሲጫወቱ እንኳ የሌሎች ክለቦች ጨዋታ ከፊትና ከኋላ ስለሚደረደር ያ የድሮው የእሁድ ስሜት እንደማይመጣ ነገረን። ለካ ያጣነው እኛ ብቻ አይደለንም። ከዚያ ወሬው ወደ አዳነ ግርማ ዞረ፤ በ2005 ዓ.ም ደቡብ አፍሪካ ላይ ዛምቢያ መረብ ላይ ያሳረፋት ግብ በጠረጴዛው ላይ በጨው ዕቃና በብርጭቆ እንደገና ተቆጠረች። ለ31 ዓመት ከአፍሪካ ዋንጫ ርቆ ለቆየ አገር የመጀመሪያዋ ግብ ነበረች። እሷ ላይ የቡናም የሐዋሳም ደጋፊ አንድ ነው።

ሊጉ ከተጀመረ በኋላ አንድ ምሽት ዲኤስቲቪ ባለበት ቤት ቡናን አየሁ። ሰባ ደቂቃ ላይ ያ ልጅ ገባ። የግራ መስመር ተከላካይ ሆኖ። አስተላላፊው «የመስመር አጥቂው» ብሎ አስተዋወቀው። ግብ ጠባቂው በአጭሩ ሲሰጠው ቤቱ ውስጥ የነበሩ ሰዎች «ምታው!» ብለው ጮኹ። እኔ አልጮኽኩም፤ ገላውን ሲያዞር አይቼዋለሁ። ከመስመሩ ጋር አሳለፋት፤ ካሜራው ኳሷን ተከትሎ ሄደ፤ ልጁ ከስክሪኑ ወጣ። እኔ ግን እየሮጠ እንደሆነ አውቃለሁ። የኳሷ ተቀባይም ሳይዘገይ ነው የዞረው፤ በስሙ ጠርቶት መሆን አለበት።

ይህን ለማየት ሁሉም ሰው ሐዋሳ መሄድ አይችልም። የሚኒባስ ኪራይ ከዓመት ዓመት ይጨምራል፤ የሆቴል አልጋም እንዲሁ። ሚኒባሳችን ውስጥ የነበሩት ተማሪዎች ድርሻቸውን የከፈሉት ምሳ እየዘለሉ ነው። ስለዚህ ክለባችንን የምንጠይቀው ቀላል ነገር ነው። የአቋም መለኪያ ጨዋታ ሲኖር ቀኑንና ሜዳውን ቀደም ብሎ ይንገረን፤ እስካሁን የምንሰማው ሆቴል ከሚሠሩ ሰዎችና ከባጃጅ ነጂዎች ነው። ቡድኑ ከዝግጅት ተመልሶ ወደ መጀመሪያው የሊግ ከተማ ከመሄዱ በፊት ደግሞ አዲስ አበባ የሚያድርበት ቀን አይጠፋም። ከእነዚያ ቀናት በአንዱ አበበ ቢቂላ ስታዲየም ይጫወትልን። ተጋጣሚው ማንም ይሁን፤ የተስፋ ቡድናችንም ቢሆን ግድ የለንም። ሕፃናት በነፃ ይግቡ፤ ለአዋቂው ትንሽ ትኬት ይቆረጥና ገቢው ለታዳጊዎቹ ጫማ ይዋል። ጋሼ አሁን ረጅም መንገድ እየከበዳቸው መጥቷል፤ አበበ ቢቂላ ግን በአንድ ታክሲ ይደርሳሉ። ቦታ ከሞላ እሳቸውን አስቀምጠን እኛ ቆመን እናያለን።